በወደቀ ምልክት ብቀጣ፣ ከፍዬ ልሂድ ወይስ ልሟገት?

ሹፌር (ደብረ ማርቆስ)፦
ወንድምና እህቶቼ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ቅዳሜ ከማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሰው ጭኜ ስሄድ፣ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ነፍሰ ጡር ተሳፋሪ ላወርድ ቆምኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ወዲያው ትራፊክ መጣና «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አለኝ። ምልክቱ የታለ ስለው ቦይ ውስጥ አሳየኝ። ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ተኝቷል። ዝገቱን ስታዩት ትናንት የወደቀ አይመስልም። 500 ብር ጻፈብኝ። ፎቶ አንስቻለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ «ክፈልና ተገላገል» ይሉኛል። 11 ዓመት ነድቻለሁ። ሳጠፋ ሳልከራከር ከፍያለሁ። ይሄ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ባጃጅ ነጂ (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ እውነት አለህ። ግን ክፈል። እኔ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ትራፊኩ አልቀረበም ተባለ፣ ሌላ ቀጠሮ። በሁለተኛው ዳኛው ስብሰባ ናቸው ተባለ። በሦስተኛው በነጻ ተሰናበትኩ። ሦስቱንም ቀን ግን ባጃጇ ቆማለች። የባለቤቷን የቀን ገቢ ከኪሴ ሰጠሁ። ቅጣቱን ብከፍል ኖሮ የዚያን ሩብ አያህልም ነበር። ሌላም አለ። ያ ትራፊክ በማግስቱ እዚያው አደባባይ ላይ ቆሟል። ለአንድ ወር ያህል ባየኝ ቁጥር እያስቆመ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን፣ ጎማ፣ መብራት ሲፈትሽ ከረመ። አንተም ነገ የምታልፈው በዚያው መንገድ ነው።

ረዳት (ቡሬ)፦
መጀመሪያውኑ እዚያው ሻይ ብትለው ያልቅ ነበር እኮ።

ጡረተኛ መምህር (ቢቸና)፦
ልጄ፣ እንዲህ ያለ ምክር አትምከር። ምልክቱ ቦይ ውስጥ የቀረው በዚህችው ሻይ ነው። አንዱ ሻይ ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ከፍሎ ያልፋል። ማንም «ወድቋል» ብሎ በአደባባይ ስለማይናገር ማንም አያነሳውም። አያቴ ለአንዲት ስንዝር ድንበር ከቢቸና ማርቆስ በእግሩ እየተመላለሰ ሦስት ክረምት ተሟግቷል። ለምን ደከሙ ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።» ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ሒሳቡን ያውቃል።

ባጃጅ ነጂ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። አያትዎ ግን መሬት ነበራቸው። እኔ የቀን ገቢ ነው ያለኝ። ሦስት ቀን ከቆምኩ ልጆቼ ይራባሉ።

ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)፦
የባጃጁን ወንድሜን ችግር አልክድም። ቀጠሮ ሰው ያማርራል። ግን 500 ብሩን ብቻ አትቁጠሩ። ከ2003ቱ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ፣ ቁጥር 208፣ ጀምሮ ጥፋት በነጥብ እየተመዘገበ ይጠራቀማል። ሲበዛ መንጃ ፍቃድ እስከ መታገድ ያደርሳል። በመንዳት ለሚኖር ሰው ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው። ዛሬ «ተገላገልኩ» ያልከው የዛሬ ዓመት ይቆጠርብሃል።

አሁን ወደ ሹፌሩ ልምጣ። ይሄ የደንብ መተላለፍ ክስ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለእንዲህ ያለ ክስ አጭር መንገድ አለው። ጥፋቱን የሚያምን ሰው በጽሑፍ አሳውቆ፣ ችሎት ሳይቀርብ ሊቀጣ ይችላል። አንተ ግን ልትክድ ነው። ስለዚህ ትቀርባለህ፣ ክሱ ይነበብልሃል፣ የእምነት ክህደት ቃልህን ትጠየቃለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አድርጌያለሁ ግን...» ብሎ ይጀምርና አመነ ተብሎ ይጻፍበታል። መቆምህን እመን። ክልክል በሆነ ቦታ መቆምህን ካድ። እነዚህን ለይተህ ተናገር።

ከካድክ ማስረዳት ያለበት ከሳሽ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። ያም ሆኖ ባዶ እጅህን አትሂድ። ፎቶው ቦይና ዝገት ብቻ ካሳየ ዳኛው የት እንደሆነ በምን ያውቃል? ሱቁ፣ መብራት ምሰሶው፣ መታጠፊያው አብሮ የሚታይበት ካለህ እሱን አሳትም። መኪናው ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ቢመሰክርልህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ጠበቃ አትቅጠር። እኔን ጨምሮ። ከቅጣቱ በላይ ታወጣለህ። ማመልከቻ ካስፈለገህ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ጸሐፊዎች ይጽፉልሃል። አንድ ገጽ ይበቃል።

ትራፊክ ፖሊስ (ምሥራቅ ጎጃም)፦
እኔ በሥራው ላይ ነኝ፣ የማውቀውን ልናገር። መንገድ ዳር ከሹፌር ጋር መከራከር አይቻልም፣ ከኋላ መኪና ይደረደራል። ቅር ያለው ፍርድ ቤት ቢሄድ ደስ ይለኛል። ችሎት ቀርቤ ተረትቼም አውቃለሁ፣ አላፈርኩበትም። ተከራከረኝ ብሎ ቂም የሚይዝ ባልደረባ ካለ ዩኒፎርሙን አሰድቧል። ባጃጁ ላይ የደረሰው ያሳዝነኛል።

ግን ሹፌሩን አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚህ መንገድ 11 ዓመት ነድተሃል። ምልክቱ ቆሞ በነበረ ጊዜ አላየኸውም? ክልክል መሆኑን አታውቅም ነበር? ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ስንት ሬሳ እንዳነሳን እኛ ነን የምናውቀው። ሁሉም «ምልክት አላየሁም» ነው የሚለው።

ነጋዴ (ደጀን)፦
እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ስለ ብሩ ብዙ አወራችሁ። ምልክቱ እዚያ የተተከለው በምክንያት ይሆናል። ትምህርት ቤት ይኑር ጠማማ መንገድ፣ ያን የጠየቀ የለም። ሹፌሩ ቢረታም ባይረታም ምልክቱ ቦይ ውስጥ ከቀረ ለእኛ ምን ተለወጠ?

ሹፌር (ደብረ ማርቆስ)፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ትራፊኩ ወንድሜ የጠየቅከኝ ልቤን ነክቶታል። አልዋሽህም፣ ምልክቱ ድሮ ቆሞ አይቼዋለሁ። ከወደቀ በኋላ ግን ሚኒባሱም ቅጥቅጡም እዚያው ያወርዳል። ክልከላው ተነስቷል ብዬ ነው የቆምኩት። ዳኛው ከጠየቁኝ ይሄንኑ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ምክንያት ከተፈረደብኝ ሳላጉረመርም እከፍላለሁ። ፍርድ ይሆናላ።

እህቴ ከደጀን፣ ልክ ነሽ። አልታየኝም ነበር። ዛሬ ፎቶውን አባሪ አድርጌ ምልክቱ እንዲተከል ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። የመኪናው ባለቤት የቀኑን ገቢ ትቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጋር የተሳፈራችሁ፣ በተለይ ጋቢና የነበሩት ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ይህን የሚያነብ ዘመድ ካላቸው እባካችሁ ንገሩልኝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ እጠብቃለሁ። አድርሼ እመልሳቸዋለሁ።