የድሮ የሃውስ ሚክሶች ለምን አይሰለቹም?

ጥያቄ፦ ሰላም ወዳጆች! የ1980ዎቹን የቺካጎ ሃውስ ሚክስ፣ ማለትም ዲጄው ሳያቋርጥ እያያያዘ የሚያጫውተውን የዳንስ ሙዚቃ፣ ከከፈትኩ ማቆም ያቅተኛል። አዳዲሶቹ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ግን ቶሎ ይሰለቹኛል። ምስጢሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ለእኔ ምስጢሩ እጅ ነው። ያኔ ምቱን የሚያስተካክል ኮምፒውተር የለም። ዲጄው ሁለት ሸክላ ያሽከረክራል፤ ቀጣዩን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያዋን በጣቱ ገፋ መለስ እያደረገ ያጋጥማቸዋል። መሸጋገሪያው ላይ ልብ ብለህ ስማ። ሁለቱ ከበሮዎች ትንሽ ይለያዩና መልሰው ይገጥማሉ። ያቺን ቅጽበት እንዴት እንደምወዳት! ደግሞ አይቸኩሉም። አዲሱ ዘፈን ከሌላው ሥር ቀስ እያለ ይገባል፦ መጀመሪያ ጸናጽሉ፣ ቀጥሎ ቤዙ፣ በመጨረሻ የዘፋኟ ድምፅ።

ሌላ መልስ፦ እውነት ነው። የዘፈን ምርጫውም አለ። ዲጄ ፍራንኪ ናክልስ ከ1977 ጀምሮ ቺካጎ ዌርሃውስ ክለብ ሲያጫውት ዲስኮና ሶል ነበር የሚቀላቅለው። ስለዚህ ከከበሮ ማሽኑ ምት ሥር ዘፈን አለ፣ ስሜት አለ። ሌላውን የቺካጎ ዲጄ ሮን ሃርዲን ሚዩዚክ ቦክስ ክለብ ካጫወተበት ዘመን ስማው፤ ፈጠን፣ ጠንከር ያለ ነው። የኒውዮርኩን ዲጄ ላሪ ሌቫንንም እንዳትረሳ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ከሃርዲ እጀምራለሁ። ሌላም ካላችሁ ጨምሩልኝ።