ሳር ላይ የሚሰማ ኳስ ከምን ይሠራል?

ፍኖተ ሰላም አካባቢ 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ አለ። ሌሎቹን ዓይን ሸፍኖ ማስኬድ «ምስኪን!» ከማሰኘት አያልፍም፤ የሚያሳየው ፍርሃትን እንጂ የልጁን ችሎታ አይደለም። ስለዚህ ጎልቦል ጀመርን፤ ማየት ለተሳናቸው የተፈጠረ፣ ድምፅ ያላትን ኳስ እያንከባለሉ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው፦ በየቡድኑ 3 ልጅ፣ የሁሉም ዓይን የተሸፈነ፣ ሜዳው 18 በ9 ሜትር። መስመሩን በእግር እንዲለዩት ሲባጎ በችካል ወጠርን፤ እሱ ሠርቷል።

ያስቸገረችን ኳሷ ናት። ትክክለኛዋ 1.25 ኪሎ ትመዝናለች፤ ውስጧ ቃጭል፣ ላይዋ ድምፅ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሏት። የእኛ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ የእግር ኳስ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ሳር ላይ ግን ጸጥ። የጨርቅ ኳስ ውስጥ ቆርኪ ብንከትም ጨርቁ ድምፁን ዋጠው። ሲሚንቶው ደግሞ ጠባብ ነው፣ መውደቅም አለ።

ከገበያ በሚገኝ ነገር፣ ሳር ላይ ሲንከባለል ከ9 ሜትር የሚሰማ፣ ልጅ የማይጎዳ ኳስ እንዴት ልሥራ?