ማርሴይን በሳይክል፦ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ሮንን_ተከትዬ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከጄኔቭ ተነስቼ የሮን ወንዝን ይዤ በሳይክል እየወረድኩ ነው። አሁን አቪኞን ነኝ። ቪያሮና የሚባለው መንገድ ፖር ሳን ሉዊ ላይ፣ ባህሩ ጋ ያልቃል። እኔ ግን የደቡብ ፈረንሳይዋን የወደብ ከተማ ማርሴይን ሳላይ መመለስ አልፈለግኩም። ከተማዋን ካየሁ በኋላ ባህሩን ይዤ ካሲ እስከምትባለው የባህር ዳር መንደር መንዳት አስቤያለሁ። የነገርኩት ሰው ሁሉ ግን ፊቱ ይለዋወጣል። «ሴት ልጅ ብቻዋን? ያውም በሳይክል?» ይሉኛል። ተኩስ አለ፣ ሌባ አለ፣ ወሬው አያልቅም። ሻንጣና ድንኳን ጭኛለሁ። የምታውቁት እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።

ቀስ_በቀስ
ይቅርብሽ። እኔ በመኪና አልፌባት እንኳ መስኮት አልከፈትኩም። ኒስ ሂጂ፣ እዚያ ሰላም ነው።

እንጀራዬ_ፔዳል
መስኮት ሳይከፍት ያለፈ ሰው ስለ ማርሴይ ምን ሊነግርሽ ነው? 😄

እህቴ፣ እኔ የምኖረው እዚሁ ነው። ምግብ በሳይክል እያደረስኩ ነው የምተዳደረው፣ ማታ ማታም ጭምር። ስለዚህ ከመንገዱ ልጀምርልሽ። ፖር ሳን ሉዊ ደርሰሽ ወደ ማርሴይ በሳይክል እንዳትመጪ። መሀል ላይ ፎስ አለ። የነዳጅ ማጣሪያ፣ ፋብሪካ፣ የነዳጅ ታንክና ከባድ መኪና ነው። የማርሴይ ትልቁ የጭነት ወደብ ያለው እዚያ ነው እንጂ መሀል ከተማ አይደለም። ከዚያ በፊት አርል ከተማ ላይ ቴኤር የሚባለውን የክልል ባቡር ያዢ። ሳይክል ይጭናል። ሳን ሻርል ጣቢያ ስትወርጂ 104 ደረጃ ያለው ትልቅ መወጣጫ ከፊትሽ ታያለሽ። እይታው ግሩም ነው፣ ግን ሻንጣ የጫነ ሳይክል ይዘሽ አትሞክሪው። በጎን ባለው መንገድ ውረጂ።

ተኩሱ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ጠብ 49 ሰው ሞቷል። መንገደኛ አልተነካም አልልሽም። አብዛኛው ግን በሻጮቹ መካከል ነው፣ በተለይ በሰሜኑ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች። አንቺ ደግሞ ወደዚያ የሚወስድሽ ጉዳይ የለሽም።

እኔን ከጠየቅሽኝ የዚህች ከተማ ክፋት ከጥይቱ ይልቅ ችላ መባሏ ነው። ኖዋይ ገበያ አጠገብ፣ ኦባኝ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ያረጁ ቤቶች ተደርምሰው 8 ሰው ሞተ። በዚያ ስታልፊ ቀና ብለሽ ግድግዳዎቹን ተመልከቺ፣ ያኔ ይገባሻል። ገበያው ራሱ ግን እንዳያመልጥሽ። ቅመሙ፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው ልብ ያሞቃል። ሳይክሉን እየገፋሽ እለፊ፣ ስልክሽን ከመሪው ላይ አንሺ።

አንቺን የሚያሰጋሽ የሳይክል ሌባ ነው። ወፍራም የብረት ቁልፍ ግዢ፣ ቀጭን ገመድ እዚህ ጌጥ ነው። ሻንጣ የተንጠለጠለበት ሳይክል ደግሞ ቢቆለፍም ውጭ አይቆምም። ማደሪያ ስትይዢ መጀመሪያ «ሳይክሉን ውስጥ አስገባለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ዝም ካሉሽ ሌላ ፈልጊ። ሁለተኛው መከራ ሾፌሩ ነው። የሳይክል መስመር ላይ መኪና አቁሞ ቡና ይጠጣል።

አሁን ወደ ባህሩ። በመጀመሪያው ቀን ሻንጣሽን አስቀምጪና ከአሮጌው ወደብ ኮርኒሽ በሚባለው የባህር ዳር ጎዳና ሌ ጉድ ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ንጂ። 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ካላሎንግ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ድንጋይና ባህር ብቻ ነው። ያንኑ መንገድ ይዘሽ መመለስ ነው።

የካሲው ሌላ ነገር ነው። ዥኔስት የሚባል አቀበት አለ፣ ከፍታው 327 ሜትር። ዳገቱ አይገድልም፣ መኪናው ነው የሚያስጨንቀው። ስለዚህ በማለዳ ተነሺ። አናቱ ላይ ዛፍ የሚባል የለም፣ ሚስትራል የነፈሰ ቀን ከጎን ይገፋሻል። ሚስትራል ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ደረቅ ንፋስ ነው። ወደ ካሲ ስትሄጂ ይረዳሽ ይሆናል፣ ስትመለሺ ግን ያስለቅስሻል። እኔ ሁሌም ሄጄ በባቡር ነው የምመለሰው። የካሲ ጣቢያ ግን ከመንደሩ ራቅ ብሎ ሽቅብ ነው፣ ሰዓት ስታሰዪ እሱን አትርሺ።

ጉልበት ከተረፈሽ ከካሲ እስከ ላ ሲዮታ በገደሉ አናት የሚሄደው ሩት ደ ክሬት አለ። 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገደሉ እስከ 394 ሜትር ከፍታ አለው። አወጣጡ ጨካኝ ነው፣ ማርሽሽ ካልቀለለ ወርደሽ ትገፊያለሽ። ንፋስ ሲበረታ መንገዱን ይዘጉታል።

ሮንን_ተከትዬ
ተባረክ! ሁለት ነገር ብቻ። ካላንክ በሚባሉት፣ ነጭ ገደል በከበባቸው ጠባብ የባህር ሰርጦች ውስጥ በእግረኛ መንገድ በሳይክል መግባት ይቻላል? ድንኳን ብተክልስ?

የካሲ_ጎረቤት
ድንኳን ፈጽሞ፤ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የእግረኛ መንገዶቹም ለሳይክል አይደሉም፣ የተፈቀዱ ጥቂት መስመሮች ብቻ አሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእሳት ስጋት የተነሳ ጫካው ሙሉ በሙሉ የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ። የነገው ሁኔታ ማታ ይወጣል፣ ሳታዪ እንዳትነሺ። ሱዢቶን የሚባለው ካላንክ መዋኘት ካማረሽ በፈረንጅ በጋ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው። ነፃ ነው፣ ግን በቀን የሚገባው 400 ሰው ብቻ ነው። ሳይክሉን ማደሪያሽ ትተሽ በአውቶቡስ የእግር መንገዱ እስከሚጀምርበት እስከ ሉሚኒ ሂጂ።

ቀስ_በቀስ
እሺ፣ መስኮቱን ልክፈት 😅 ግን ማታስ? ማታ ብቻዋን ትንዳ ነው የምትለው?

እንጀራዬ_ፔዳል
አይ፣ ማታ ሳይክሉ ይረፍ። መሀል ከተማ ሰው እስካለ በእግር ብትወጣ ግን ምንም አይደለም። ኩር ዡልየን አካባቢ እስከ ውድቅት ደማቅ ነው። ሳን ሻርል ዙሪያና ቤልዛንስ ግን ሲመሽ ባዶ ይሆናሉ፣ ባቡርሽ በቀን እንዲገባ አድርጊ።

እና እህቴ፣ ቁልፉን አቪኞን እያለሽ ግዢ። ከጣቢያው እንደወረድሽ ያስፈልግሻል።