የመስከረሙ የፊልም ምሽት፦ ረቂቅ 3

(ጀርመን ያለን አበሾች የቡድን ቻት)

ጸሐፊዋ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። ፊልሙ የጀርመኑ «ዳስ ካቢኔት ዴስ ዶክተር ላሪፋሪ»፣ በፈረንጅ 1930፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት ቮልሙት። ሦስት ወዳጆች የፊልም ኩባንያ እናቋቁም ብለው የሚንጫጩበት ነው፣ በፊልም ሥራ ላይ ያሾፋል። በአማርኛ ሰብታይትል እናሳያለን። በጀት 600 ዩሮ። ዓላማው ወላጆቻችን ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው እንዲስቁ ነው። እስከ እሁድ አስተያየት።

ገንዘብ ያዥ፦ 600ው ከፋሲካው ዝግጅት የተረፈው ነው። ሌላ የለም። ስንት ጊዜ ልበል።

የሽቱትጋርቱ፦ ርዕሱ ይቀየር። «የዶክተር ላሪፋሪ ካቢኔ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ ሰው የሚኒስትሮች ስብሰባ ነው የሚመስለው። በባንዲራው ጊዜ የሆነውን ረሳችሁት?

የኮሎኙ፦ ካቢኔ ሳይሆን ካቢኔት ነው ጋሼ፣ ጉድ የሚታይበት ክፍል እንደማለት። በስሙ በ1920 የወጣው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔት» ፊልም ላይ ማሾፋቸው ነው፣ ያ አስፈሪ ነው ይሄ ቀልድ። ላሪፋሪ ደግሞ ዝባዝንኬ ማለት ነው።

የሽቱትጋርቱ፦ ይባስ ብሎ! የዶክተር ዝባዝንኬ ካቢኔ! ማንን ለማለት ነው? በዚህ ስም መዋጮ አልከፍልም።

ማታ ፈረቃ፦ ቁም ሳጥን በሉትና ይለቅ።

የኮሎኙ፦ ቡፌስ?

ማታ ፈረቃ፦ ቡፌ ካልን ሰው ምግብ አለ ብሎ ነው የሚመጣው 😂

እትዬ፦ ምግብ ከሌለማ ማን ይመጣል።

ጸሐፊዋ፦ እባካችሁ ወደ ሰብታይትሉ። ድምፅ ገና የገባበት ዘመን ስለሆነ ፊልሙ ወሬና ዘፈን ነው፣ ሳይተረጎም እናቴ ምኑን ትሳቅ? እንተረጉማለን ያላችሁት ሁለታችሁ የት ገባችሁ?

የኮሎኙ፦ እኔ ፈተና ላይ ነኝ። ከፈተና በኋላ።

ጸሐፊዋ፦ ሌላኛውስ?

(ሦስት ቀን መልስ የለም)

የሽቱትጋርቱ፦ ስለ ርዕሱ መልስ አላገኘሁም።

ማታ ፈረቃ፦ ኧረ ጋሼ በቃዎት! ከተዋናዮቹ አንዱ ፓውል ሞርጋን ነው። በ1924 በርሊን ላይ «ካባሬት ደር ኮሚከር» የተባለውን የቀልደኞች መድረክ ከመሠረቱት። ይሁዲ ስለነበር በ1938 በናዚዎቹ ቡኸንቫልድ ካምፕ ሞተ። ሌላው ተዋናይ ማክስ ሀንሰን ሂትለር ላይ በዘፈን አሹፎ በኋላ አገር ለቆ ወጣ። እነሱ ምን ደረሰባቸው፣ እኛ ቁም ሳጥን ነው ቡፌ ነው እንባባላለን።

የሽቱትጋርቱ፦ ይኼን ቀድሞ የነገረኝ የለም። ነፍሱን ይማር። ስለ እሱ በፊልሙ መግቢያ ላይ እኔ ራሴ እናገራለሁ። ርዕሱ ግን ይቀየር።

እትዬ፦ ዶሮውን እኔ እይዛለሁ። እንጀራ ግን ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንጀራ፣ ለስላሳና አዳራሽ ብቻ 450 ገባ። በ150 ዩሮ የሚተረጉም ካለ ያምጣው።

የኮሎኙ፦ ለምን ራሱን «ካሊጋሪን» አናሳይም? ድምፅ የለውም፣ የሚተረጎመው ጥቂት ጽሑፍ ነው። ጥላው እንኳ በቀለም የተሳለ ነው፣ ለዓይን ይበቃል። ክራር የሚጫወት ልጅ ከፊቱ እናስቀምጥ።

ጸሐፊዋ፦ እሱ እኮ አስፈሪ ነው። ለሳቅ ብለን አይደል የጀመርነው?

እትዬ፦ ክራሩ ጥሩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በ150ው ይስማማል። እኔ ደግፌያለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ። ረቂቅ 4፦ ካሊጋሪ፣ ክራር፣ ምግብ። ሰብታይትል ቀርቷል። አዳራሹን ማን ይደውልለት?

የሽቱትጋርቱ፦ ይሄኛውም ካቢኔት አለበት እኮ።