የወታደር ሚስት ስትደበደብ፣ ልጇ ደግሞ አፉን ሳይፈታ ሲቀር፦ ጅማ ላይ ከየት ይጀመራል?

ከሒርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነው። ስሟንም የባሏን ክፍልም እዚህ አልጽፍም። ባሏ መከላከያ ውስጥ ነው፣ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ በፈቃድ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ይመታታል፣ ሲመለስ ደግሞ ብር መላኩን ያቆማል። 6 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አላቸው። አይናገርም፣ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፣ ትምህርት ቤት «ክፍል ይረብሻል» ብሎ መልሶታል። የተጋቡት በኒካ ነው፣ ከቀበሌ የጋብቻ ወረቀት የላትም። ሰዉ ሁሉ የሚላት «ካምፕ ሄደሽ ለአለቃው ንገሪ» ነው። እሷ ደግሞ ከሥራ ከተባረረ ልጄ ምን ይበላል ብላ ትፈራለች። ሥራውን የምታውቁ ሰዎች፣ ምን ታስቀድም?

የሕግ ሰው

እህቴ፣ የመጀመሪያው ነገር ጉዳዩን ሦስት ቦታ መክፈል ነው። ድብደባው ወንጀል ነው፣ ብሩ የቀለብ ክስ ነው፣ ልጁ የሕክምናና የትምህርት ጉዳይ ነው። ሦስቱን በአንድ ማመልከቻ አድርጎ ለአዛዥ ማስገባት ብዙ ጊዜ ወር ያባክናል። አዛዥ መገሠጽና መምከር ይችላል፣ ቀለብ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው።

ቤት ውስጥ ሚስትን መምታት የውትድርና ወንጀል አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን ለብቻው ይጠቅሰዋል። አቤቱታው ለማንኛውም ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል፣ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ካለ እዚያ ትቅረብ። «የመከላከያ ሰው ነው፣ እኛን አይመለከትም» ተብላ ከተመለሰች ቤቷ አትግባ፣ በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሂድ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀኑ ነው። ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳይ አቤት ስትል ብቻ ነው፣ ለአቤቱታውም ያላት ጊዜ 3 ወር ነው። «በሚቀጥለው ፈቃዱ እንነጋገራለን» ብላ ከጠበቀች ጊዜው ያልፍባታል።

ቀለቡ በከተማው ፍርድ ቤት፣ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ በ83/1996 የተሻሻለው) ይታያል። ኒካውም ጋብቻ ነው። የኒካ ወረቀት ካለ ይያያዝ፣ ከሌለ በሥነ ሥርዓቱ የነበሩ ወይም አብረው ሲኖሩ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ይመስክሩ። የልጁ የልደት ምዝገባ 90 ቀኑ ቢያልፍም ዘግይቶ ማስመዝገብ ይቻላል፣ እሱን ዛሬውኑ ትጀምር። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ሁለቱም ሲፈቅዱ ብቻ ስለሆነ፣ ሳታስብበት እሺ እንዳትል። ፈቅደው የገቡበትን ክስ መሃል ላይ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም።

ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። ለዳኝነት የሚከፈል ከሌላት ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዛ በደሃ ደንብ ትጠይቅ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ክሱንም ይጽፉላታል። በክሱ ውስጥ ውሳኔው እስኪሰጥ የሚከፈል ጊዜያዊ ቀለብ ይጠየቅ፣ ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። የልጁን የሕክምና ወጪም ከምግብና ከልብስ ለይታ፣ ደረሰኝ እያያያዘች ታስቀምጥ።

የመዝገብ ቤት ጡረተኛ

ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መጥሪያ የሚመለሰው አድራሻው «መከላከያ ሠራዊት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ነው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ማዕረግ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዕዝ፣ ክፍለ ጦር እና ሬጅመንት ያስፈልጋል። የሬጅመንቱ ስም እንኳ ቢጠፋት የመታወቂያ ቁጥሩ ካለ ሰውየው ይገኛል። ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ የፈቃድ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፣ በስልክ ፎቶ አንስታ ለምታምነው ሰው ታስቀምጥ። እነዚህን መረጃዎች ግን ኢንተርኔት ላይ ማንም አይለጥፍ።

ሁለተኛ፣ ተቆራጭና የፍርድ ቤት ትእዛዝ አንድ አይደሉም። ተቆራጭ ወታደሩ በገዛ ፈቃዱ ከደመወዙ ለቤተሰብ የሚያስቆርጠው ነው፣ ራሱ ያስጀምራል፣ ራሱ ያስቆማል። አለቃው ሲቆጣው ያስጀምርና ሦስት ወር ሳይሞላ ያነሳዋል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ደመወዙን የሚከፍለው ፋይናንስ ክፍል ከደረሰ ግን እሱ ሊያነሳው አይችልም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከደመወዝ ሊያዝ የሚችለው እስከ አንድ ሦስተኛ ነው። ጡረታ ቢወጣም ለቀለብ ሲባል ከጡረታው እስከ አንድ ሦስተኛ ማስቆረጥ ይቻላል። ስለዚህ የቀለብ ውሳኔ ለዛሬ ብቻ የሚሆን ወረቀት አይደለም።

ሦስተኛ፣ በግል ማህደሩ ላይ ሚስትና ልጅ መመዝገባቸው ይጣራ። «ያላገባ» ተብሎ የተሞላ ማህደር አለ። እንዲህ ከሆነ በሠራዊቱ ሆስፒታል የቤተሰብ ሕክምና ለማግኘትም፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የተተኪ ጡረታ (ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለውን) ለመጠየቅም ትቸገራለች። የፍርድ ቤት ውሳኔና የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ ሲገባ ይስተካከላል።

ነርስ ነኝ

ሁላችሁም ስለ ወረቀት ጻፋችሁ፣ እኔ ስለ ሰውነቷ ልጻፍ። የተመታች ቀን ከጉዳት ጋር ከሆነች ፖሊስ አትጠብቅ፣ መጀመሪያ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። ፖሊስ ለሆስፒታል የሚጽፈው ደብዳቤ በማግስቱም ይደርሳል። ዋናው ነገር ካርዷ ላይ «ባለቤቷ መቷት» ተብሎ በዚያው ቀን መጻፉ ነው። «ወድቄ ነው» ካለች ካርዱ ላይ የሚቀረው እሱ ነው፣ በኋላም የባሏ ጠበቃ የሚያነሳባት እሱን ነው።

ሐኪሙ የእያንዳንዱን ቁስልና ሰንበር ቦታ፣ ቀለምና ስፋት በሴንቲ ሜትር እንዲጽፍ በትሕትና ትጠይቅ። «ቀላል ጉዳት ደርሶባታል» የሚል አንድ መስመር ማስረጃ ፍርድ ቤት ብዙም አይረዳትም። ሰንበር በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ነው በደንብ የሚወጣው፣ ስለዚህ ፎቶው በመጀመሪያው ቀንም በሦስተኛው ቀንም ይነሳ።

አንገቷን አንቋት ከነበረ ምንም ምልክት ባይታይም ዛሬውኑ ትታይ። የድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ራስ መሳት ከታየ ውስጥ ያለው ጉዳት ከባድ ሊሆን ይችላል። አስገድዷት ከሆነ ደግሞ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ለ28 ቀንም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። ሳትታጠብ ትምጣ፣ ልብሷን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ትያዝ፣ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል።

ለሚቀጥለው ፈቃዱ ደግሞ ከአሁኑ ትዘጋጅ። የልጁ ካርድ፣ መታወቂያዋ፣ የባንክ ደብተሯ፣ የኒካው ወረቀት፣ የሁለት ቀን ቅያሪ ልብስና የታክሲ ብር በአንድ ቦርሳ ሆኖ ጎረቤት ቤት ይቀመጥ። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ አቤቱታ ስታቀርብ ከሁሉ አስቀድማ ይህንን ለፖሊስ ትናገር። አምቡላንስ ካስፈለጋት የቀይ መስቀል 907 ነው።

የልዩ ፍላጎት መምህር

ስለ ልጁ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይመርመር። ይህ ሳይደረግ «ኦቲዝም ነው» ወይም «ሰነፍ ነው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ከጆሮው በኋላ የሕጻናት ክፍል፣ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ያዩታል። ስትሄድ ልጁ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይዛ ትሂድ፤ ሐኪም ፊት ልጆች ጭምት ይሆናሉ።

ጅማ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ነገር አለ፦ «ቤት ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ ስለሚቀላቀል ነው አፉን ያልፈታው» ይላሉ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ኦቲዝም አያደርገውም። እናቱ በሚቀላት ቋንቋ ታናግረው፣ ትምህርት ቤት ሲመረጥም ቤት ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ ክፍል ይመረጥ።

ቤት ውስጥ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው አምስት ደቂቃ ይበቃል። ውኃና ወተት በሁለት ኩባያ በዓይኑ ትይዩ ትያዝ፣ «ውኃ፤ ወተት» ትበል፣ ከዚያ ዝም ብላ በልቧ እስከ 5 ትቁጠር። ልጁ ቢመለከት፣ እጁን ቢዘረጋ ወይ ድምፅ ቢያወጣ ያንኑ ቃል ደግማ ወዲያው ትስጠው። ብዙ እናቶች የሚቸኩሉት ዝምታው ላይ ነው፣ 2 ሳይቆጥሩ ይሰጡታል፣ ልጁም ለመጠየቅ ምክንያት አይኖረውም። እባካችሁ ልጁን ማሰርም ሆነ ክፍል ቆልፎ መሄድ ይቅር። የሚሮጥ ከሆነ በሩ ላይ ከቁመቱ በላይ መቀርቀሪያ ይደረግ፣ ከሰልና ጀበናም ከሚደርስበት ይራቅ።

ትምህርት ቤቱ ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጣት ትጠይቅ። ጽፈው የሚሰጡ ጥቂቶች ናቸው፣ ጥያቄው ራሱ ግን ውይይቱን ይለውጠዋል። ካልሰጡ ቀኑንና ያናገራትን ሰው ኃላፊነት ጽፋ፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ታስገባና በእጇ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማህተም ታስመታ። የመርጃ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ የሚነግሯት እነሱ ናቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስላለው ምክር መጠየቅ ትችላለች።

ከሒርማታ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። የቀለብ ክስ ከሥራ ያስባርረዋል ወይ? ሽማግሌዎችስ ገብተው ቢያስታርቁ ክሱ ይቀራል?

የሕግ ሰው

የቀለብ ክስ የፍትሐ ብሔር ነው፣ በራሱ ማንንም ከሠራዊት አያስባርርም። ይህንን በግልጽ ንገሪያት፣ ፍርሃቷ እዚህ ላይ ከሆነ ቀለቡን ዛሬ ማስገባት ትችላለች። የወንጀሉ ክስ ግን ጥፋተኛ ከተባለ ሥራው ላይ ሊነካው ይችላል፣ ያንን አልደብቃትም። እሱን አውቃ ትወስን፣ ያቺን 3 ወር እያሰበች።

ሽማግሌ ቢገባ ክፋት የለውም፣ ዕርቁ ግን በቃል አይቅር። ስንት ብር፣ በየወሩ ስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ፣ እጁን እንደማያነሳባት፣ ለልጁ ሕክምና ማን እንደሚከፍል ተጽፎ ይፈረም፣ የቀለቡ ስምምነትም ክሱ ባለበት ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። ያልጸደቀ ዕርቅ ባል ወደ ክፍሉ በተመለሰ ማግስት ማስፈጸሚያ የለውም። «መጀመሪያ አቤቱታሽን አንሺ፣ ከዚያ እናስታርቃለን» ካሏት እሺ አትበል፤ ያነሳችውን አቤቱታ መልሳ ማስጀመር ቀላል አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ለልደት ምዝገባና ለድህነት ማስረጃ፣ ከዚያ ነጻ የሕግ ድጋፉ ዘንድ ትሂድ። የልጁን ካርድ ደግሞ በዚያው ሳምንት ታውጣ። ቢቻል አንቺም አብረሻት ሂጂ።