ኒውዮርክ በበዓል ሰሞን፦ የዲሴምበር መጨረሻ ይሻላል ወይስ የጃንዋሪ መጀመሪያ?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ኒውዮርክን ለመጀመሪያ ጊዜ የምናይ አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 ዓመት ልጃችንና እናቴ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። መራመድ አያቅታትም፣ ደረጃ ግን ጉልበቷን ያማታል። ሁለት አማራጭ አለን፦ ከዲሴምበር 22 እስከ 29 ወይም ከጃንዋሪ 2 እስከ 9። ቲኬት ገና አልቆረጥንም።

በሁለተኛው ብንሄድ የሮክፌለር ሴንተሩ ትልቅ የገና ዛፍና መብራቱ ያመልጠናል? ልብስ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያ እንግዛ? ባቡሩ ለእናቴ ይሆናል? የሚያውቅ ይንገረን።

አምስተኛ ጎዳና

ጃንዋሪ 2ን ያዙ። ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሳምንት ከተማዋ ከመቼውም በላይ የምትጨናነቅበትና የሆቴል ዋጋ ጣሪያ የሚነካበት ነው። አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ክፍሉ ሁሉ ባዶ ስለሚሆን ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሆቴል በዓመቱ ረከስ የሚልባቸው ወራት ናቸው።

ዛፉ አያመልጣችሁም። የሚበራው ብዙውን ጊዜ ከታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ሲሆን እስከ ጃንዋሪ 10 አካባቢ ይቆያል። የሚነሳበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ ከመቁረጣችሁ በፊት የሮክፌለር ሴንተርን ድረ ገጽ እዩ። የሚያመልጣችሁ የመደብሮቹ መስኮት ነው። ሜሲስ፣ በርግዶርፍ ጉድማንና ብሉሚንግዴልስ መስታወታቸውን የሚያስጌጡት ለገበያ ነውና አዲስ ዓመት እንዳለፈ ማንሳት ይጀምራሉ። ብሩክሊን ውስጥ ዳይከር ሃይትስ የሚባለው፣ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን በመብራት የሚያጥለቀልቁበት ሰፈርም እንደዚያው ነው። እነዚህ ሁለቱን ሳላይ አልመለስም ካላችሁ ዲሴምበርን ምረጡ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከ22 ይልቅ ከ8 እስከ 17 ያለው ይሻላል። ሁሉም በርቷል፣ ትምህርት ቤት ግን ገና አልተዘጋም።

ከዚህ በታች ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቲኬታችሁም በዚያው ስለሚመጣ። የዛፉ መብራት በአብዛኛው ከማለዳው 5:00 እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። ሰው ሁሉ የሚሄደው ማታ ከ5:00 እስከ 9:00 ነው፤ ያኔ ፖሊስ መንገዱን በአንድ አቅጣጫ ያደርገውና ልጅ አዝሎ ቆሞ ማየት እንኳ ይቸግራል። እናንተ ማለዳ 6:30 ድረሱ። በጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው 7:20 ገደማ ስለሆነ ጨለማ ነው፣ መብራቱ በሙሉ ይታያል፣ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ከአፍሪካ ወይም ከአውሮፓ የምትመጡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሌሊት መንቃታችሁ ስለማይቀር አትቸገሩም።

ለልጁ በረዶ ላይ መንሸራተት ካሰባችሁ ብራያንት ፓርክ ከሮክፌለር ይሻላል፤ ሜዳው ይሰፋል፣ የራሱን ጫማ ይዞ ለሚመጣ መግቢያው ነፃ ነው፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢም ይቆያል። ጫማ መከራየት ግን ያስከፍላል። ሰዓቱን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፤ ለዕቃ ሳጥን የሚሆን ቁልፍ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ አለበለዚያ እዚያ መግዛት ይኖርባችኋል።

ስለ ማደሪያ አንድ ነገር። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በከተማዋ ከ30 ቀን በታች ቤት የሚያከራይ ሰው መመዝገብ፣ እንግዶቹ ባሉበት ጊዜ እዚያው ቤት መኖርና ከ2 እንግዳ በላይ አለመቀበል ግዴታው ነው። እናንተ 4 ናችሁ። ስለዚህ «ሙሉ አፓርታማ በርካሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ወይ ሕገ ወጥ ነው ወይ ማጭበርበሪያ። ሆቴል ስታነጻጽሩም መጀመሪያ በሚታየው ዋጋ ላይ 14.75 ከመቶ ግብርና በሌሊት 3.50 ዶላር ደምሩበት። የማንሃተን ዋጋ ከከበዳችሁ ኩዊንስ ውስጥ ያለው ሎንግ አይላንድ ሲቲ በባቡር ወደ ሚድታውን (የማንሃተን መሃል) ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው።

ካፖርት

ስለ ልብሱ እኔ ልናገር። በጃንዋሪ መጀመሪያ ቀኑ ብዙ ጊዜ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3። ቁጥሩ አያስፈራም፤ ሰውን የሚጎዳው በፎቆቹ መካከል የሚነፍሰው ነፋስ ነው። በተለይ ወደ ሃድሰን ወንዝ የሚወስዱት ተሻጋሪ መንገዶች ላይ ፊት ይገርፋል።

ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው አንድ በጣም ወፍራም ካፖርት ለብሶ ከሥር ቀጭን የጥጥ ካናቴራ በማድረግ ነው። ባቡሩም ሱቁም በማሞቂያ የጋለ ነው። ውስጥ ያልባችኋል፣ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀራል፣ ውጭ ስትወጡ እርጥቡ ልብስ ሰውነታችሁን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ደርቡ፦ ከሥር ገላ ላይ የሚጣበቅ የሱፍ ወይም የፖሊስተር የውስጥ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። መካከለኛው ልብስ ባቡር ውስጥ በቀላሉ የሚወልቅ፣ ፊቱ በዚፕ የሚከፈት ይሁን። ለልጁ ጣቶቹ የማይለያዩበትን ጓንት ግዙ፤ ጣት ከጣት ጋር ሲነካካ ይሞቃል። እናትሽ ነጠላ ይዘው ከሆነ የሚመጡት በጃኬቱ ሥር አንገታቸው ላይ ይጠምጥሙት፣ ከብዙ ስካርፍ ይሻላል።

ጫማ ላይ አትቆጥቡ። ነጭ በረዶ ለማየት ብላችሁ ከሆነ የምትመጡት ዕድል ነው፤ ከበረዶ ይልቅ ዝናብ የሚያጋጥምበት ጊዜ ይበዛል። በረዶ ከጣለ ደግሞ ችግሩ በሁለተኛው ቀን ይመጣል። የፍሳሹ መግቢያ በተጠረገ በረዶ ይደፈንና የቀለጠው ውሃ በእግረኛ መሻገሪያው ጥግ ይጠራቀማል። ከላይ ግራጫ ሆኖ ጠንካራ ይመስላል፣ ሲረግጡት እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ እንዲገባበት በግማሽ ቁጥር ተለቅ ያለ። የጠበበ ጫማ ደም ስለሚያግድ ካልሲው ቢወፍርም እግር ይቀዘቅዛል።

ይዛችሁት የምትመጡት አንድ አንድ ጃኬትና ጫማ ይሁን፤ ከአውሮፕላን ወርዶ ሱቅ ፍለጋ መሄድ አይመችም። የቀረውን እዚያ ግዙ። ከገና በኋላ የክረምት ልብስ ቅናሽ ላይ ነው። በተጨማሪ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ዋጋው ከ110 ዶላር በታች የሆነ ልብስ ወይም ጫማ የሽያጭ ግብር የለበትም። የሚቆጠረው በየአንዳንዱ ዕቃ ነው እንጂ በድምሩ አይደለም። 110 ከሞላ ግን በሙሉ ዋጋው ላይ 8.875 ከመቶ ይጨመራል፤ 109 እና 112 ዶላር የሚሉ ሁለት ጃኬቶች ልዩነታቸው 3 ዶላር አይደለም ማለት ነው።

ስልካችሁን በውስጥ ኪስ ያዙ። ባትሪው በብርድ ኃይሉ ስለሚቀንስ 30 ከመቶ እያሳየ ድንገት ሊጠፋ ይችላል፤ የባቡር ክፍያውም በስልኩ ከሆነ መንገድ ላይ መቅረት ይመጣል።

ሰባት ቁጥር ባቡር

የባቡሩን ነገር ልጨምር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አንድ ጉዞ 3 ዶላር ነው። ካርድ መግዛት አያስፈልግም፣ የባንክ ካርድ ወይም ስልክ ማስነካት ይበቃል። በ7 ቀን ውስጥ 35 ዶላር ከሞላችሁ የቀረው ጉዞ ነፃ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት አለ። በአንድ ካርድ ቤተሰቡን ሁሉ ማስገባት ይቻላል፣ ወደ ነፃው ጉዞ የሚቆጠረው ግን የአንዱ ሰው ብቻ ነው። ያው ካርድ በስልክ ውስጥ ሲሆንና በእጅ ሲነካ ደግሞ እንደ ሁለት የተለያየ ካርድ ይቆጠራል። እያንዳንዱ አዋቂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱን አንድ ነገር ይጠቀም። ቁመቱ ከ112 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ነፃ ነው፤ 6 ዓመት ላይ ያለ ልጅ እዚያው ድንበር ላይ ስለሚሆን ከቤት ሳትወጡ ለኩት።

ለእናትሽ፦ አሳንሰር የሌለው ጣቢያ ብዙ ነው፣ ያለውም አንዳንዴ ይበላሻል። ካርታው ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለባቸውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ለዛፉ 47-50 ስትሪትስ ሮክፌለር ሴንተር (ቢ፣ ዲ፣ ኤፍና ኤም የሚባሉት ባቡሮች) አለው፣ ግራንድ ሴንትራልም 34 ስትሪት ሄራልድ ስኩዌርም አላቸው። ከዚያ ውጭ አውቶቡስ ከባቡር ይሻላቸዋል። ሁሉም ዝቅ ማለት ይችላሉ፣ ለሾፌሩ መንገር ነው። ኤም1፣ ኤም2፣ ኤም3 እና ኤም4 በፊፍዝ አቬኑ ወደ ታች ስለሚወርዱ ተቀምጦ ከተማ ለማየት ጥሩ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ግን መንገዱ ስለሚዘጋ ጠዋት ተሳፈሩ።

እሳቸው ሳይደክሙ ሊያዩት የሚችሉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከማንሃተን ጫፍ የሚነሳው የስታተን አይላንድ ጀልባ ነው። ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ 25 ደቂቃ ይፈጃል፣ ውስጡ ይሞቃል፣ አጠገቡ ያለው ሳውዝ ፌሪ ጣቢያም አሳንሰር አለው። ሲሄድ በስተቀኝ ተቀመጡ፣ የነፃነት ሐውልቷ በዚያ በኩል ናት። ስታተን አይላንድ ሲደርስ ሁሉም ሰው ወርዶ እንደገና መሳፈር ግድ ነው። መንገድ ላይ ለዚህ ጀልባ ቲኬት ልሽጥላችሁ የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ሁለተኛው ብሮንክስ ያለው የኒውዮርክ እፅዋት አትክልት ቦታ የባቡር ትርኢት ነው። ትናንሽ ባቡሮች ከቅርፊት፣ ከቅጠልና ከፍሬ በተሠሩ የከተማዋ ሕንጻዎች መካከል ይሽከረከራሉ፤ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ይቆያል፣ ዋናው ክፍልም የመስታወት ቤት ስለሆነ ሞቃት ነው። ከግራንድ ሴንትራል በሜትሮ ኖርዝ ባቡር የሃርለም መስመር ይዛችሁ ቦታኒካል ጋርደን በሚባለው ጣቢያ ውረዱ፣ በሩ ፊት ለፊት ነው። የመግቢያ ሰዓት ያለው ቲኬት ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙ።

መንገደኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጃንዋሪን ልንወስን ነው። ባለቤቴ ግን በአዲስ ዓመት ዋዜማ ታይምስ ስኩዌር ላይ የሚያበራው ኳስ ሲወርድ ካላየሁ ብሎ ከዲሴምበር 30 እንጀምር እያለ ነው። እናቴም ጾመ ነቢያትን ስለምትጾም የምትበላው ያሳስበኛል፤ ከ9 ሰዓት በፊት አፏ ላይ ምንም አታደርግም።

አምስተኛ ጎዳና

ለባልሽ ይህን አንብቢለት። መግቢያው ነፃ ነው፣ ቲኬት የሚባል ነገር የለም። ፖሊስ በአጥር ይከፋፍለውና ቀድሞ የመጣ ፊት ይቆማል፤ ጥሩው ቦታ ከሰዓት በኋላ 3:00 ሳይሆን ይሞላል። ኳሱ መውረድ የሚጀምረው 11:59 ላይ ነው፣ 60 ሴኮንድ ይፈጃል። ለ60 ሴኮንድ ከ9 ሰዓት በላይ መቆም ማለት ነው። ሽንት ቤት የለም፣ ከአጥሩ ከወጣህ ቦታህ ሄደ። የጀርባ ቦርሳ፣ ጃንጥላና የአልኮል መጠጥ አይፈቀድም። እናትና ልጅ ይዞ የሚሞከር አይደለም። ብቻውን ካለ ይሂድ፤ ጠዋት ውሃ ቀነስ አድርጎ ይጠጣ፣ አስፋልቱ ከታች ስለሚያቀዘቅዝ የሚቆምበት ካርቶን ይያዝ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደምትገናኙ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ኔትወርክ በሕዝቡ ብዛት ይደክማል። የምግብ ቤት የአዲስ ዓመት ቲኬት የሚሸጡ አሉ፣ «ኳሱ በቀጥታ ከመስኮቱ ይታያል» የሚል ቃል በጽሑፍ ከሌለበት አይግዛ።

ርችት ከሆነ የፈለገው ሴንትራል ፓርክ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ሩጫ ይጀመራል፣ አብሮም ርችት ይተኮሳል፤ ቆሞ ማየት በነፃ ነው። ኳሱ ራሱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሕንጻ ላይ ስለሚቀመጥ ጃንዋሪ 3 ላይም ያየዋል። እኔን ብትጠይቂኝ ለአንድ ደቂቃ ብሎ የ3 ሌሊት ውድ ሆቴል መክፈል አይዋጥልኝም።

የጾም ሰው

የእናትሽ ነገር ከምታስቢው ይቀላል። «ቪጋን» የሚለው ቃል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ማለት ስለሆነ እሱን ብቻ ይጠይቁ፤ «ቬጀቴሪያን» ካሉ ግን አይብና እንቁላል ይመጣል። ቤግል የሚባለው ዳቦ ተራው በዱቄት፣ በውሃ፣ በእርሾና በጨው የሚሠራ ነው፤ የእንቁላሉን ዓይነት ትተው በሁመስ (የተፈጨ ሽምብራ) ወይም በኦቾሎኒ ቅቤ ይብሉት። ጎዳና ላይ ካሉት የሃላል ምግብ ጋሪዎች ፈላፍል (የተጠበሰ የሽምብራ ኳስ) ይሆናል፣ ነጩ ስጎ ግን ብዙ ጊዜ ማዮኔዝ ስላለው «ያለ ነጭ ስጎ» ይበሉ። ሩዙ በቅቤ መሠራቱንም ይጠይቁ። ፕሬትዝል የሚባለው የተጠማዘዘ ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀቡ አሉ። ሆት ቸኮሌት በአጃ ወተት ይሠራላቸዋል፣ ዱቄቱ ውስጥ ግን ወተት ሊኖር ስለሚችል ሻይ ይሻላል።

9 ሰዓቱ እንዲያውም ይጠቅማችኋል። በእነሱ 3:00 ማለት ነው፣ ያኔ ምሳ በላተኛው ወጥቷል፣ እራት በላተኛው አልመጣም፤ ሰልፍ የሌለበት ሰዓት ነው። ልጁን ቀደም ብላችሁ አብሉትና ዋናውን ምግብ 3:00 ላይ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ከ4:40 በኋላ ሲጨልም መብራት ለማየት ውጡ። አገልጋይ ባለበት ቤት ከ18 እስከ 20 ከመቶ ጉርሻ ይጠበቅባችኋል፤ ብዙ ሰው ሲሆን ሂሳቡ ውስጥ አስቀድመው የሚጨምሩ ስላሉ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ደረሰኙን አንብቡ።

ጃንዋሪ 6 ማታ ለገና ማኅሌት መሄድ ከፈለጉ ከተማዋ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት አሉን፣ ባቡሩም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ሲነጋ ደግሞ ሃርለም ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ለመፈሰክ ይሆናሉ፤ ጃንዋሪ 7 በዓል ስለሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ ያዙ።

ሽንት ቤት፦ ብራያንት ፓርክ ውስጥ ያለው ንጹሕ ነው፣ ሰልፍ ግን አለው። ግራንድ ሴንትራል ምድር ቤቱ ምግብ ካለበት ፎቅ፣ ወይም ሞይኒሃን ባቡር ጣቢያ። ምድር ውስጥ ባቡሩ ያሉትን አትቁጠሩባቸው፣ ተዘግተው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።