ክርክር፦ የድሬ የትንኝ ርጭት ከገበያ ይጀምር ወይስ ለሁሉም ሰፈር እኩል ይዳረስ?

መነሻ፦ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ በ2019 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን አዳርሷል። ዳግም ቢመጣ ርጭቱ ከየት ይጀምር? ሦስቱ ተከራካሪዎች በድሬ ሰፈሮች ስም ተጠርተዋል።

ሳቢያን፦ እኩል ይዳረስ። ከተማዋን በመስመር የተያያዙ ነጥቦች (ኖዶች) መረብ አድርጋችሁ አስቡ፤ 1,000 ኖድ ውሰዱና እያንዳንዱ ጥንድ የመገናኘት ዕድሉ 0.006 ይሁን፤ በዘፈቀደ የተያያዘ መረብ፣ የኤርዶሽ-ሬኒ ግራፍ ማለት ነው። አማካይ ዲግሪው፣ ማለትም አንድ ኖድ ያለው የግንኙነት ብዛት፣ 0.006 × 999፣ 6 ገደማ ነው። የዲግሪው ስርጭት ፖይሰን (አብዛኛው አማካዩ አጠገብ የሚሰበሰብበት) ስለሚሆን 20 ግንኙነት ያለው ኖድ መቶ ጊዜ ብታስሮጡትም ላይገኝ ይችላል። ማዕከል በሌለበት ማዕከል መርጨት ምን ይባላል?

ከዚራ፦ ዋርያ፣ ማዕከሉን ራስህ አውጥተህ ጥለህ «የለም» ትላለህ? ሁሉም ጥንድ እኩል ዕድል ካለው ከፊራ ገበያና ሳቢያን ያለ አንድ ግቢ እኩል ሆኑ ማለት ነው። በዚያው አማካይ 6 ባራባሲ-አልበርት የሚባለውን ሌላ የመረብ ሞዴል ሞክር፦ አዲስ የሚገባ ኖድ 3 መስመር ይዘርጋ፣ ግንኙነት ወደበዛለት ያጋድል። ከ1,000ው 28 ያህሉ 20ና ከዚያ በላይ ግንኙነት ይኖራቸዋል። ወረርሽኙን የሚያፋጥነው አማካዩ ብቻ አይደለም፤ የዲግሪው ካሬ አማካይ ነው፣ እሱን ደግሞ እነዚህ ጥቂቶች ይሰቅሉታል።

ሳቢያን፦ እሺ፣ በእነዚያ 28 ኖዶች ላይ ግን፣ ሁለቱም ዘንጎች በሎጋሪዝም በተለኩበት (ሎግ-ሎግ) ሥዕል ላይ ማስመሪያ አስደግፈህ «ቀጥ ያለ መስመር ነው» እንዳትለኝ። ጅራቱ፣ ማለትም ብዙ ግንኙነት ያላቸው ጥቂቶች ያሉበት ጫፍ፣ በአንድ ሩጫ ይዋዥቃል፤ ሎግ-ኖርማል የሚባለው ሌላ ስርጭትም እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ይመስላል። «k (የመረጥከው ቁጥር) እና ከዚያ በላይ ግንኙነት ያላቸው ስንት ናቸው» ብለህ ድምሩን ሳል፣ ሩጫውንም ደጋግም።

መጋላ፦ ሁለታችሁም ኖዱ ምን እንደሆነ አልተናገራችሁም! የመንገድ መጋጠሚያ ከሆነ ዲግሪው 3 ወይም 4 ነው፤ የሚያከራክር ስርጭት የለውም። የደቻቱ ድልድይ ደግሞ ዲግሪው 2 ሆኖ ከዚራና መጋላን ያገናኛል፤ በዲግሪ ብትደረድሩት ግርጌ ይገባል።

ከዚራ፦ ድልድይ ላይ ማን ይነከሳል? በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ፣ ኤዴስ፣ የምትናከሰው ቀን ነው፣ የምትፈለፈለውም ውሃ በተጠራቀመበት በርሜልና አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው። ሰው የሚያልፍበትን ትተን የሚውልበትን እንቁጠር።

መጋላ፦ እንግዲያው ኖዱ ሰው የሚውልበት ቦታ ይሁን፤ መስመሩም በባጃጅ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ተቆጥሮ ይሰመር። የገበያ ቀንና ተራ ቀን ለየብቻ ይቆጠር፤ ከተደባለቁ ከፊራ በሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት ሊመስል ነው።

ሳቢያን፦ ይቆጠር። በርሜሉን ግን ቆጠራው እስኪያልቅ አትጠብቁት፤ ዛሬውኑ ይከደን።